መኪናው ሲጠነቀቅ ነጂው ይዘናጋልን?

የጭነት መኪና ረዳት የሚሠራውን ሥራ ያላየ ከመካከላችን የለም። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ወርዶ «ና፥ ና፥ በቃ!» ይላል፤ ዳገት ላይ ሲቆም ከጐማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ሌሊት ሲሆን ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ ወሬ ያወራለታል። አንዳንድ ጊዜም ሕግ ባይፈቅድለትም ሾፌሩ ሲደክመው መሪውን ይቀበለዋል። ይህ ሁሉ «ረዳትነት» ይባላል፤ ነገር ግን ታኮ ማስገባትና መሪ መቀበል አንድ ሥራ አይደሉም። በዛሬዎቹ መኪናዎች ውስጥ ስለሚገኙት የኤሌክትሮኒክ ረዳቶች የሚደረገው ክርክር መልክ ያጣው፥ በኔ አስተያየት፥ ይህን ልዩነት በመርሳት ነው።

ክርክሩ የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን መሣሪያ አይደክምም፥ አይሰክርም፥ ስልክ አያነሣም፤ ስለዚህ የሰውን ጥፋት ያርማል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሚያርመው መኖሩን ያወቀ ሰው መጠንቀቁን ይተዋል፤ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰድበታል ይላል። ሁለቱም ወገኖች ቍጥር ይጠቅሳሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህን ቍጥሮች ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የሁለተኛው ወገን አባት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሳም ፔልዝማን ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1966 ባወጣው ሕግ የመኪና ፋብሪካዎች ቀበቶንና ሌሎችንም የአደጋ መከላከያዎች በየመኪናው እንዲያስገቡ ተገደዱ። ፔልዝማን በ1975 ባሳተሙት ጥናት ሕጉ የሞቱን ቍጥር አልቀነሰም አሉ። ምክንያታቸውም፥ ነጂው የተጠበቀ ስለ መሰለው ድፍረት ይጨምራል፤ በመኪናው ውስጥ የተቀነሰው ሞት በውጭ ወዳለው እግረኛ ይዛወራል የሚል ነው። አሳቡ ብልህ ነው። ዛሬም ስለ ማናቸውም የመኪና ረዳት ሲነገር የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ የቆመበትን መሠረት እንመልከት። ፔልዝማን ከ1966 በኋላ የሆነውን ያነጻጸሩት ሕጉ ባይወጣ ኖሮ ይሆን ነበር ብለው ካሰሉት ጋር ነው፤ ስሌቱም የተወሰደው ከ1947 እስከ 1965 ከነበረው አካሄድ ነው። እንግዲህ አንደኛው ሚዛን ላይ የተቀመጠው በእውነት የሆነ ነገር ሳይሆን የታሰበ ዘመን ነው ማለት ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ብዙ ተመራማሪዎች የነጂው ድፍረት ቢጨምርም እንኳ ከተገኘው ጥቅም ጥቂቱን እንጂ ሁሉን አያጠፋም ብለዋል። በአሜሪካ በ100 ሚሊዮን ማይል ጉዞ የሚሞተው ሰው በ1966 ከ5 በላይ ነበረ፤ በ2014 ወደ 1 ገደማ ወርዷል። መንገዱም፥ ሕክምናውም፥ በመጠጥ ላይ የወጣው ሕግም ድርሻ ስላላቸው ይህን ሁሉ ለመኪናው ብቻ መስጠት አይገባም። ነገር ግን የተሰጠው ሁሉ በድፍረት ይወሰዳል የሚለው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ቍልቍለት ባልታየ ነበር።

ከፔልዝማን ይልቅ የሚያሳስበኝ የሙኒክ ታክሲዎች ነገር ነው። በ1980ዎቹ በሙኒክ ከተማ በአንድ የታክሲ ድርጅት ውስጥ ከፊሎቹ መኪናዎች ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው፥ ጐማ እንዳይቈለፍ የሚያደርገው ፍሬን ነበራቸው፤ የቀሩት አልነበራቸውም። ሥራው አንድ፥ ከተማውም አንድ ነው። የአደጋው ቍጥር ሲታይ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ማንን እንደሚመረምሩ ሳይነገር ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ታዛቢዎች ግን አዲሱ ፍሬን ያላቸው ሾፌሮች ይበልጥ በኃይል እንደሚነዱ መዘገቡ። በኦስሎም በ1997 በታተመ ጥናት ኤ.ቢ.ኤስ. ያላቸው ታክሲዎች ከፊታቸው ካለው መኪና ጋር የሚተዉት ርቀት አጭር ሆኖ ተገኘ። በካናዳ ያስተምሩ የነበሩት ጄራልድ ዋይልድ ይህንኑ መሠረት አድርገው፥ እያንዳንዱ ሰው የሚቀበለው የአደጋ መጠን በልቡ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል በድፍረት፥ ከፍ ሲል በጥንቃቄ ያስተካክለዋል የሚለውን አሳባቸውን አጸኑ።

ይህ ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ የሚክደውም ያለ አግባብ ይክዳል። ነገር ግን ከኤ.ቢ.ኤስ. ጐን አንድ ወንድም አለው፤ ክርክሩ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ አላይም። እርሱም መኪና መንሸራተት ሲጀምር እያንዳንዱን ጐማ ለየብቻ በፍሬን እየያዘ ወደ መሥመሩ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። በ1995 በገበያ ላይ ዋለ። በ1997 አንድ ትንሽ የጀርመን መኪና በስዊድን በፈተና ላይ ተገልብጦ ብዙ ካሳቀና ካሳዘነ በኋላ በየመኪናው መግባቱ ተፋጠነ። የአሜሪካ የኢንሹራንስ ተቋም ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲቈጥሩ፥ መኪናው ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ ግማሽ ያህል ቀንሶ አገኙት። የዋይልድ ሕግ ለሁሉ የሚሠራ ቢሆን ይህም በድፍረት ተበልቶ ባለቀ ነበር። አልተበላም። ስለ ምን?

መልሱ ያለው ነጂው በሚሰማውና በማይሰማው መካከል ነው ብዬ አስባለሁ። ኤ.ቢ.ኤስ. ያለው ሾፌር ፍሬኑን በረገጠ ቍጥር እግሩ ሥር የሚንቀጠቀጠውን ያውቃል፤ በዝናብ ቀን ይሞክረዋል፥ ይተማመንበታል፥ በታክሲ ሥራ ላይም ያችን የተረፈች ሁለት ሜትር ወደ ገንዘብ ይለውጣታል። መንሸራተትን የሚከለክለው ግን ተራው ነጂ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በማይደርስበት ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መኖሩን የማያስታውሱትን ጠባቂ ተመክቶ መድፈር አይቻልም። ደግሞም የኤ.ቢ.ኤስ. ጥቅም ማነስ ሁሉ በነጂው ድፍረት መመካኘት የለበትም፤ ጐማው ካልተቈለፈ መሪው ይታዘዛል፤ የደነገጠ ሰው መሪውን ሲጠመዝዝ በፊት ወደ ፊት ብቻ ይንሸራተት የነበረው መኪና አሁን ገደል ይገባለታል። ይህ መዘናጋት አይባልም፤ ድንጋጤ ነው።

በራሱ የሚይዘው ፍሬንም ከዚሁ ወገን ነው። በካሜራ ወይም በራዳር የፊቱን መኪና እያየ፥ ነጂው ሳይረግጥ ሲቀር እርሱ ይረግጣል። ከኋላ ገጭቶ የሚደርስን አደጋ፥ በዚያው ተቋም ቈጠራ፥ በግማሽ ቀንሷል፤ ጩኸት ብቻ የሚያሰማው ግን ከሩብ እምብዛም አልዘለለም። እግረኛን ለይቶ የሚቆመው ዐይነት ደግሞ በ2022 ሲመረመር በቀንና መብራት ባለበት ጠቅሞ፥ መብራት በሌለው ጨለማ መንገድ ግን ምንም ልዩነት አላሳየም። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ ለጥቂት ጊዜ በልቡ ያቈይልኝ።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ታኮ ነው። አሁን መሪውን ወደሚቀበለው ረዳት እንለፍ።

ይህኛው ፍጥነቱንም፥ ከፊት ካለው መኪና ያለውን ርቀትም፥ በመሥመር መካከል መቆየትንም በአንድነት ይይዛል፤ ለነጂውም የሚቀርለት ሥራ መመልከት ብቻ ነው። ኃላፊነቱ ግን አልተነካም፤ አደጋ ሲመጣ በሰከንድ ውስጥ መሪውን ተረክቦ እንዲያድን ይጠበቅበታል። ይህ የሥራ አከፋፈል ሰው ሊፈጽመው የሚችለው መሆኑ የተጠየቀው መኪና ከመሠራቱ በፊት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ተመልካቾች ፊታቸው የታየውን ምልክት ማለፋቸው አሳስቦ፥ ኖርማን ማክዎርዝ በካምብሪጅ ሰዎችን የሰዓት ዘንግ በሚመስል ነገር ፊት አስቀምጠው፥ ዘንጉ አልፎ አልፎ ሁለት ደረጃ ሲዘል እንዲያመለክቱ አዘዟቸው። የተመረጡ፥ የነቁ፥ የወደዱ ሰዎች ናቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ይስቱ ጀመር። ውጤቱ በ1948 ታተመ። ሊዛን ቤይንብሪጅ ደግሞ በ1983 በጻፉት አጭር ጽሑፍ ነገሩን ወደ ፋብሪካ አምጥተው፥ መሣሪያው ቀላሉን ሥራ ወስዶ ከባዱን ለሰው ይተዋል፤ ሰውየውም በቀላሉ ሥራ ስለማይለማመድ ለከባዱ አይዘጋጅም ብለው አሳዩ።

በግንቦት 7 ቀን 2016 በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በዊሊስተን አጠገብ፥ አውቶፓይለት በሚባለው ረዳት የሚሄድ የቴስላ መኪና መንገድ የሚያቋርጥ ተሳቢ መኪና ሥር ገብቶ ነጂው ሞተ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደ መረመረው፥ ጉዞው 41 ደቂቃ ሲሆን በ37ቱ ረዳቱ ሲነዳ ነበር፤ በዚህም ሁሉ ጊዜ የሰውየው እጅ በመሪው ላይ መሆኑ የተመዘገበው በድምሩ ለ25 ሰከንድ ነው። ቦርዱ በ2017 ባወጣው ፍርድ የተሳቢውን ሾፌርም፥ የሟቹን መዘናጋትም፥ ይህን ያህል ጊዜ መዘናጋትን የፈቀደውን የመሣሪያውን አሠራርም ጠቀሰ። «ሰነፍ ነበር» ብሎ ማለፍ ለሚወድ ሰው የማክዎርዝን ሰዓት ማስታወስ ይበቃል። ስሙስ ቢሆን? አውቶፓይለት ብለው ሰይመው ሲያበቁ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ «እጅህን ከመሪው አታንሣ» ማለት፥ «ብላ» ብሎ ማዕድ አቅርቦ እጅ እንደ መያዝ ነው።

ለመሣሪያው የሚከራከሩት ግን በዚያው ሰሞን አንድ ጥሩ ቍጥር አገኙ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በጥር 2017 ስለዚሁ አደጋ ባወጣው ሪፖርት፥ መሪውን የሚያቀናው ክፍል ከገባ በኋላ የቴስላ መኪናዎች አደጋ ወደ 40 ከመቶ ቀንሷል አለ። ቍጥሩ በጋዜጣ ሁሉ ዞረ። ሁለት ዓመት ያህል ክርክር ከተደረገ በኋላ አንድ የግል የስታትስቲክስ ድርጅት መነሻውን መዝገብ አግኝቶ በ2019 መረመረው። ከ43,781 መኪናዎች መካከል መሣሪያው ከመግባቱ በፊትም ሆነ በኋላ የተጓዙት ርቀት በትክክል የታወቀላቸው 5,714 ብቻ ሆኑ። የቀሩት አብዛኞቹ የጐደለ መዝገብ ነበራቸው፤ ለምሳሌ ከመሣሪያው በፊት የተጓዙት ማይል ሳይቈጠር አደጋቸው ሲቈጠር፥ የፊተኛው ዘመን ከእውነቱ የባሰ መስሎ ይታያል። ሙሉ መዝገብ ባላቸው ብቻ ሲሰላ አደጋው በ59 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። እኔ 59ኙንም እውነት ነው ብዬ አልቀበልም፤ መዝገባቸው የተሟላው መኪናዎች ሁሉን የሚወክሉ ለመሆናቸው ዋስ የለንም። ነገር ግን 40 ከመቶ የተባለው ለሁለት ዓመት ሲያሳምን የኖረው ማንም የክፍልፋዩን ታችኛ ቍጥር ስላልጠየቀ ነው። የኮሌጃችን የአንደኛ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪ ቢያደርገው ወረቀቱ ይመለስበት ነበር።

በ2024 የኢንሹራንሱ ተቋም ስለዚህ ዐይነቱ ረዳት ባወጣው ጥናት፥ አደጋን ለመቀነሱ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው አለ። በዚያው ዓመት 14 ረዳቶች ነጂው እንዳይዘናጋ የሚያደርጉትን ጥበቃ መርምሮ 11ዱን ደካማ ብሎ ሲፈርጅ ጥሩ የተባለ አንድም አልነበረም፤ ተቀባይነት ያገኘውም አንድ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2023 ቴስላ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ መኪናዎችን ማስጠንቀቂያ ለማጠንከር ለማስተካከል ተገዶ ነበር። ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል፤ ግን ሰው ደግሞ ይማራል። ተመራማሪዎች ሲከታተሉ፥ ነጂዎቹ የማስጠንቀቂያውን ቅደም ተከተል አጥንተው፥ ጩኸቱ ሳይበረታ መሪውን ነካ፥ ቀና ብለው አየት እያደረጉ ወደ ስልካቸው ሲመለሱ ተገኝተዋል። ይህ የሙኒኩ ታክሲ ነጂ ብልሃት ነው፤ የሚሰማ ነገር ሁሉ ይለመዳል።

አሁን «ነጂውን ያዘናጋል ወይስ ያድናል» ከሚለው ጥያቄ ጀርባ ያለውን ሌላ ጥያቄ እንይ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? በመጋቢት 18 ቀን 2018 በአሪዞና በቴምፒ ከተማ ብስክሌቷን እየገፋች ሌሊት መንገድ የምታቋርጥ ሴት የኡበር የሙከራ መኪና ገጭቶ ገደላት። ይህ መኪና ከረዳትነት አልፎ ራሱን እንዲነዳ የሚሞከር ስለ ነበረ ከላይ ካልናቸው ጋር አንድ አይደለም፤ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሥራ ግን የማክዎርዝ ሥራ ነው። መሣሪያው ሴትዮዋን ከ5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል፤ አንድ ጊዜ መኪና፥ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር፥ አንድ ጊዜ ብስክሌት ሲላት ጊዜው አለቀ፤ ከእግረኛ መሻገሪያ ውጭ ሰው ይሻገራል የሚል አሳብ አልተሰጠውም ነበርና። ከሁሉ የሚደንቀው ግን መኪናው ቮልቮ ሆኖ ከፋብሪካው ይዞት የወጣው በራሱ የሚይዝ ፍሬን የሙከራው ኮምፒዩተር በሚነዳበት ጊዜ እንዲጠፋ መደረጉ ነው። መሪ ተቀባዩ ሲገባ ታኮው ተጣለ ማለት ነው። ሠራተኛዋ ዐይኗ በስልኳ ላይ ነበረ። ቀድሞ በመኪናው ሁለት ሰው ይቀመጥ እንደ ነበረና ድርጅቱ ወደ አንድ እንደ ቀነሰው ታውቋል። በ2019 ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱን በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር የለም አለ፤ ሠራተኛዋ ግን በ2020 ተከሳ በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና ሦስት ዓመት በአመክሮ ተፈረደባት። ጥፋት አልነበረባትም አልልም። ፍርዱ ወዴት እንዳዘነበለ ግን ይታያል።

ይህ አዝማሚያ ለኛ እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፥ ምርመራው ሳይገፋ በውጭ አገር አብራሪዎቹን የሚነቅፍ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። በኋላ እንደ ተረጋገጠው ከአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ ልክ ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ደጋግሞ የገፋው መሣሪያው ነው። እዚያ የተዘናጋ ሰው አልነበረም፤ ከመሣሪያ ጋር የሚታገል ሰው ነበረ። የአየርና የመንገድ ነገር ይለያያል፤ ነገር ግን «የሰው ስሕተት» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጠቅም በዚያ ተምረናል።

እንግዲህ ወደ ጐዳናችን። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ከለከለች፥ አዲስ አበባ በቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየተሞላች ነው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ይህንኑ ረዳት ይዘው ይመጣሉ። አጐቴ አንዱን ገዝቷል። መሥመር ሲለቁ የሚጮኸው መሣሪያ ለእርሱ የቤት ውስጥ ጠላት ሆነበት፤ ጕድጓድ ሲሸሽ ይጮኻል፥ ሚኒባስ ድንገት ሲቆምበት ይጮኻል፥ አህያ ሲያሳልፍ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን ልጁን ጠርቶ «ይህን ነገር አጥፋልኝ» አለው፤ ልጁም ባልተነበበ ቋንቋ የተጻፈውን ዝርዝር እየነካ ሁሉንም አጠፋው፤ በራሱ የሚይዘውንም ፍሬን ጭምር። አጐቴ አሁን ከታኮው ውጭ ይነዳል፤ መኪናው ግን «አስተማማኝ» ተብሎ የተገዛ ነው። ይህን የመዘናጋት ምሳሌ ነው የሚለኝ ይኖራል፤ እኔ ግን መሥመር ላልተቀባበት መንገድ መሥመር ጠባቂ የሰጠውን እጠይቃለሁ።

በኛ መንገድ ላይ ከሚሞቱት መካከል ታላቁ ድርሻ የእግረኛው ነው፤ መብራት በሌለበት የሚሞትም አለ። ከላይ አንባቢ እንዲያቈይልኝ የለመንኩት የ2022 ጥናት የሚነካው ይህን ሰው ነው፤ በጨለማ የማያየው ፍሬን ለእርሱ የለም። የፔልዝማንም ጥያቄ፥ ስሌታቸውን ባልቀበልም፥ እዚህ ላይ ይነሣል። ነጂው የሚደፍርበት ጥቂት ነገር ቢኖር ዋጋው የሚታሰበው ከመኪናው ውጭ ባለው ላይ ነው፤ እርሱም ኢንሹራንስ የለውም፥ በመኪናው ግዢ ላይም አልተጠየቀም።

ይህን ከአሜሪካና ከጀርመን በመጣ ቍጥር ብቻ መወሰን አይገባንም፤ ለመጀመርም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የኦስሎዎቹ ዘዴ ቀላል ነው። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መሥመሩ የተቀባ፥ አጥር ያለው፥ መውጫውም የተወሰነ ነው። ሁለት ተማሪዎች ሰዓት ይዘው በድልድይ ላይ ቢቆሙ፥ እያንዳንዱ መኪና ከፊቱ ካለው በስንት ሰከንድ ርቀት እንደሚከተል ከነታርጋው ይመዘግባሉ፤ ሦስተኛው በክፍያ ጣቢያው ቆሞ ያንኑ ነጂ ረዳቱ በርቶ እንደ ነበረ፥ እንዴት እንደሚጠፋ ማወቁንም ይጠይቀዋል። ፈቃድ መጠየቅና በአንድ ክረምት ዕረፍት ጥቂት መቶ መኪና መቍጠር ነው። መጠይቁን አዘጋጅቻለሁ፤ ከመንገዱ ላይ ለመቆም የሚፈቅድ ሁለት ጓደኛ ብቻ ይጐድለኛል።